ገበያችንን የበላው የፈረንሳይ አይብ

ለክቡር አቶ አትናቴዎስ መኳንንት
የጉም በር ከተማ የፈረንሳይ ባህል ሳምንት ዐቢይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴዎ አባላት፣ ለአዲሶቹ ወንበሮችዎና ለባለ መስመር ጃንጥላዎችዎ ጭምር የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ጤናዎ እንደምን ነው? ከበዓሉ ድካም አገገሙ? በድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ሲያገለግለን የዋለው ጉሮሮዎስ ተሻለው? እኛ ከነፋሱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ነፋሱም ቢሆን እርስዎ በመሩልን ቦታ ላይ የሚነፍስ ስለሆነ ከእጅዎ እንደተቀበልነው እንቆጥረዋለን።

ስሜ የምሥራች አፈወርቅ ይባላል። እርስዎ የብዙ ጉዳይ ባለቤት ስለሆኑ ላያስታውሱኝ ይችላሉ እንጂ፣ በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ተልባና ሱፍ፣ ሽሮና በሶ እየሸጥኩ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ባለቤትዎም እስካለፈው ወር ድረስ ደንበኛዬ ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ማታ ማታ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ ስለነበር በአጻጻፌ ላይ ግድፈት ቢያገኙ እኛ የበዓሉን ፕሮግራም በታገሥንበት ትዕግሥት ይለፉልኝ። የምጽፈው ስለ ራሴና በዚያ አጥር ሥር አብረውኝ ሲቀመጡ ስለኖሩት ሴቶች ሲሆን፣ ጥያቄያችንም አንድ ብቻ ነው፤ ቦታችን ይመለስልን። ይሁን እንጂ ጥያቄ ከምስጋና በኋላ ሲመጣ ደስ እንደሚልዎ ስለሰማን አስቀድሜ ላመሰግንዎ ወድጃለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ መጠን ሌላም ሰው ያነበዋልና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከፈረንሳይ አገር አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ የእኛ እህት ትሁን ተባለ፤ ምክንያቱም እነሱም ብርድ አላቸው፣ እነሱም በግ ያረባሉ። እህትነቱን ማንም አልጠላም። ለመተዋወቂያም አንድ ሳምንት ሙሉ የሚበላበት፣ የሚጠጣበትና የሚሸመትበት የፈረንሳይ ባህል በዓል በከተማችን ይከበር ተብሎ፣ ለበዓሉ የሚሆን ሰፊና ያማረ ቦታ ሲፈለግ የእኛ መቀመጫ ተገኘ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ብለውን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሜዳ ተሻገርን። እህት መጣችልኝ ብሎ ቤቱን ለቆ ሜዳ የሚያድር ሰው አይተን ባናውቅም፣ እንግዳ አክባሪነታችንን ለማሳየት ስንል ዝም አልን።

አሁን ወደ ምስጋናው ልግባ።

አንደኛ፦ ከዓመቱ ሳምንታት ሁሉ መርጠው የመብልና የመጠጥ በዓልን በሁዳዴ ጾም ስላደረጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቀኑ ፓሪስ ላይ ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ ሊነካ አይችልም ማለትዎን ሰምተናል፤ የእኛ ጾም የተቆረጠው ደግሞ ከፓሪስ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ እሱንም ለመንካት አልደፈርንም። በመሆኑም ቅቤ የጠጣው ዳቦ፣ በእንቁላል የተለወሰው ኬክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከበግ ወተት የተሠራው ያ ታላቅ አይብ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ሳለ፣ የከተማው ሕዝብ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ ዙሪያውን ቆሞ ሲያየው ዋለ። ዕድሜያችንን በሙሉ በግ ስናረባ ኖረን በግ እንደሚታለብ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ስለ ዕውቀቱ እናመሰግናለን፤ በጎቻችን ግን እስካሁን አላመኑም።

የቅምሻው ጥሪ ለዓርብ ረፋድ አምስት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ሕዝቡ የት እንደሚገኝ የጉም በር ተወላጅ ለሆነ ሰው ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ከአጥሩ ወዲያ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል፣ ከአጥሩ ወዲህ እርስዎ በድምፅ ማጉያው «ቅምሻው ተጀምሯል፣ ኑ ቅመሱ» ሲሉ፣ ውስጥ ያሉት ምእመናን የቱን እንደሚሰሙ ግራ ተጋብተው ነበር። ቅዳሴው አብቅቶ ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። አይቡ እስከዚያ ድረስ ከፀሐዩ ጋር ብዙ ስለተነጋገረ መልኩም ሐሳቡም ተቀይሮ፣ ከጠረጴዛው ለመውረድ ጠርዝ ላይ ደርሶ አገኘነው። እርስዎ ግን በመዘግየታችን አልተቆጡንም፤ ይህንንም እናስታውስልዎታለን።

ሁለተኛ፦ ስለ ወይን ጠጁ። ለካስ በፈረንሳዮች ዘንድ ወይን ጠጅ የሚያውቅ ሰው ጠጁን ይጎነጭና በአፉ አገላብጦ አጣጥሞ፣ ከዚያ ሳይውጠው ባልዲ ውስጥ ይተፋዋል። ይህንን ኮሚቴው ያውቅ ነበር፤ ለማስተናገድ ለተጠራነው ለእኛ የነገረን ግን አልነበረም። ከጠረጴዛው አጠገብ የሚያብለጨልጭ ባልዲ ቆሞ ስናይ፣ በድግስ ቤት ማዕድ አጠገብ የሚቆም ዕቃ ሥራው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያ አመጣንና እንግዶቹን በሙሉ እጃቸውን አስታጠብናቸው። እነሱም ጨዋዎች ናቸውና ታጠቡ። ከዚያ በኋላ የሚተፉበት ስላጡ የቀረበላቸውን ሁሉ ዋጡት። አመሻሹ ላይ ሲጨፍሩ የታዩት በእኛ ባህል ተማርከው ነው ተብሎ በሪፖርትዎ ላይ መጻፉን ስሰማ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፦ ስለ ግብይቱ። ከእኛ መካከል ጥቂቶቻችን ተመርጠን በሻሻችን ላይ ክብ ቆብ ተደፍቶልን፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቀን «የፈረንሳይ ገበያ» በሚባለው ድንኳን ውስጥ እንድንሸጥ በመደረጋችን የተሰማንን ክብር መግለጽ ያዳግተኛል። ዋጋው በካርቶን ተጽፎ ተሰቅሏል፤ መከራከር ክልክል፣ ምራቂ መጨመርም ክልክል ነበር። ምራቂ ማለት ሰፍረው ከጨረሱ በኋላ ከላይ ጣል የሚደረገው እፍኝ ነው፤ እርስዎ በልጅነትዎ ከእናትዎ ጋር ገበያ ሲመጡ ቆሎ በኪስዎ ይዘው የሚመለሱት በምራቂ ነበር። በዚያ ዕለት ከወጣትነቷ ጀምሮ ከእኔ በቀር ከማንም ሽሮ ገዝታ የማታውቅ ደንበኛዬ መጣች። መዘንኩላት። ተቀበለችና ቆመች። እኔም ቆምኩ። የኮሚቴው ተቆጣጣሪ ከኋላዬ ቆሞ ስለነበር እጄን ወደ ሽሮው መስደድ አልቻልኩም። ጥቂት ጠብቃ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ እስከ ዛሬም ድረስ ሰላም አትለኝም።

አራተኛ፦ አሁን ወደ አይቡ ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሱ ነውና። ማዳም ኮሌት የተባሉት አይቡን የሠሩት ሴት በገዛ እጃቸው እየቆረሱ ለሕዝቡ ማደል ጀመሩ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ቆርሶ የሰጠውን «አልፈልግም» ማለት ነውር ነው። በሁዳዴ አይብ መብላት ደግሞ ከነውርም ያልፋል። ሕዝቡ እንግዳዋንም ሳያሳዝን፣ ጾሙንም ሳያፈርስ የሚወጣበት መንገድ ያገኘው ማንም ሳይመክረው ነው። እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ «እግዜር ይስጥልን፣ ወተትዎን ያብዛው» ብሎ መርቆ፣ ዞር ሲል ቁራሹን በነጠላው ጫፍ ቋጠረና ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። ለፋሲካ። ቄስም፣ ሽማግሌም፣ መምህርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ፍርፋሪውንም ሰው የሰጠው መብል መሬት አይጣልም ብለው አሮጊቶች ለቅመው ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ ከተማችን ምን ምን እንደሚሸት እርስዎ ቢሮዎን ዘግተው ስለሚውሉ ላይደርስዎ ይችላል። ጨውና በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ ጌታነሽ ድርሻዋን ለባሏ ለታዲዮስ ሳትነግር ከጎታው በላይ ሰቅላው ኖሯል። ታዲዮስ አይጥ ሞቶብናል ብሎ ገብሱን በሙሉ ከጎታው አውጥቶ፣ ቤቱን ገልብጦ ሲፈልግ ከረመ። በመጨረሻ ቋጠሮውን አውርዳ ብታሳየው ጥቂት አሽትቶ «አንቺ፣ ይኼማ ነፍስ ይማር ነው፤ ምን ትጠብቂለታለሽ፣ ቅበሪው እንጂ» አላት። እሷ ግን «እንግዳ በእጇ የሰጠችኝን?» ብላ መልሳ ሰቀለችው። ዛሬ በጉም በር እንዲህ ያለ ቋጠሮ ያልተሰቀለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው።

አምስተኛ፦ እንግዶቹ በተሸኙ ማግሥት በአዳራሹ ያነበቡትን ሪፖርት በታላቅ አድናቆት አዳምጠናል። «ሕዝባችን ለፈረንሳይ ምግብ ባሳየው ከፍተኛ ፍላጎት የቀረበው አይብ አንዲት ፍርፋሪ ሳትተርፍ ተመግቦታል» የሚለውን ሲያነቡ እርስ በርስ ተያየን። ቀጠሉና፣ ፍላጎቱ እንዲህ ከሆነ ቦታው «የወዳጅነት አደባባይ» ተብሎ ለዘለቄታው የፈረንሳይ ካፌ እንዲሆን፣ ወንበሮቹና ጃንጥላዎቹም እዚያው እንዲቀሩ፣ ገበያው ደግሞ ከወንዙ ማዶ በሄደበት እንዲጸና መወሰኑን አበሠሩን። ለአንድ ሳምንት የተባለው እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሳንበላው የቀረነው አይብ፣ በላችሁ ተብለን፣ መቀመጫችንን አስወሰደን።

ክቡርነትዎ ይፍቀዱልኝና እዚህ ላይ ፌዙን ጥቂት ላቁመው። ተናድጃለሁ።

ሜዳውን አንድ ቀን ወርደው ቢያዩት መልካም ነበር። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣውን ነፋስ እዚያ የሚያግደው ዛፍም ድንጋይም የለም። ሽሮ ስሰፍር እኩሌታው ጣሳው ውስጥ ሲገባ እኩሌታው ወደ ሞላሌ ከተማ ይሄዳል። በገብርኤል አጥር ሥር ግን ግንቡ ነፋሱን ይመልስልናል፣ የጠዋት ፀሐይም ቀድማ የምታርፈው እዚያ ነው። አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ሳይወርድ በመስኮት ይገዛናል፤ ከቅዳሴ የወጣውም ሰው ቤቱ ገብቶ የሚቀምሰውን ከእኛ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሜዳ በኩል ግን የሚያልፍ ሰው የለም። ደግሞም ሁዳዴ የእኛ መኸር ነው። ተልባና ሱፍ በዚህ ጊዜ ካልሸጥን በፋሲካ ማን ይገዛናል? ክረምቱን የምንሻገረው፣ ልጆቻችንን ደብተር የምንገዛላቸው በዚህ ጾም በምናገኘው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጌታነሽ አንድ ሰው እንኳ ዋጋ ሳይጠይቃት ውላ፣ በርበሬዋን መልሳ ተሸክማ ስትነሣ እንባዋ ወረደ። «ነፋሱ ነው፤ በርበሬው ዓይኔ ገባ» አለችን። እኛም «አዎ፣ ነፋሱ ነው» አልናት።

ስድስተኛ፦ ማዳም ኮሌትን ከእኛ ለመሸሸግ ስላደረጉት ጥረት እናመሰግናለን፤ አልተሳካም እንጂ። በበዓሉ የመጨረሻ ቀን፣ እኛ ወደ ሜዳው ከተሻገርን በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሴትየዋ አስተርጓሚያቸውን ሰለሞንን አስከትለው በእግራቸው ወንዙን ተሻግረው መጡ። ቆባቸውን ነፋስ ወስዶት ፀጉራቸው ተበትኖ ነበር። በሶ በጥብጠን ሰጠናቸው፤ ተቀምጠው ጠጡ፣ ደገሙም። ከዚያ ለምን እዚህ እንደምንሸጥ ጠየቁ። እርስዎ «ሕዝቡ ንጹሕ አየር ስለሚወድ ከጥንት ጀምሮ ገበያው ሜዳ ላይ ነው» ብለው እንደነገሯቸው የሰማነው ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ነገርናቸው። ቀጥሎ ሰለሞን እንደተረጎመልን፣ በእሳቸው አገር ገበያ የሚቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ነው፤ ቅድመ አያታቸውም አይብ የሸጡት እዚያው ነው፤ አንድ ጊዜ ሻጮቹን ከዚያ ላንሣ ያለ ከንቲባ በሚቀጥለው ምርጫ ራሱ ተነሥቷል። አይብ ሲሸጡ በዋጋ እንደሚከራከሩ፣ መዝነው ከጨረሱም በኋላ ለደንበኛ ትንሽ ቁራሽ ከላይ ጣል እንደሚያደርጉ አጫወቱን።

የፈረንሳይ ባህል ይህ ከሆነ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ ኮሚቴዎ ሳይቋቋም ፈረንሳዮች ነበርን። አጥሩ ሥር የነበረውን የፈረንሳይ ባህል አስነሥተው በቦታው ወንበር ደረደሩበት። በወንበሮቹም ላይ እስካሁን ተቀምጦ ያየነው የገብርኤልን ግቢ የሚጠብቀውን ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም አይጾምም።

እንግዲህ በትሕትና የምናሳውቅዎ የሚከተለውን ነው። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሸክማችንን ይዘን ወደ አጥሩ ሥር እንመለሳለን። ይህ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም፤ በመስኮት ሲያዩን እንዳይደነግጡ ብለን ነው። ወንበሮቹን አንነካም፤ መሬት ላይ መቀመጥ የለመድን ስለሆንን በመካከላቸው እንበቃለን። ጃንጥላዎቹም ቢቆዩ ለጌታነሽ በርበሬ ጥላ ይሆናሉ። የአደባባዩን ስምም ቢሆን እንዲቀይሩት አንጠይቅም፤ ወዳጅነት ጥሩ ስም ነው፣ የሚያከብረው ሰው ካገኘ። ፖሊስ መላክ ካስፈለገዎ ይላኩ፤ ፖሊሶቹ የእኛው ልጆች ስለሆኑ ሽሮ ይዘው ይመለሳሉ፣ ከነምራቂው።

ለከተማችን ዕድገት እንቅልፍ አጥተው የሚደክሙ መሆንዎን ስለምናውቅ፣ ቢያንስ በገበያው በኩል ያለውን ድካም ለእኛ ትተው እንዲያርፉ ከልብ እየለመንን፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጤናማ ጉሮሮ፣ እንዲሁም ከሪፖርት በፊት ሰው የመጠየቅ ልማድ እንዲሰጥዎ እንመኛለን።

ነፋሱ ባስተረፈልኝ ወረቀትና ጉልበት የጻፍኩት፣ የወዳጅነት አደባባይ የቀድሞና የወደፊት ተቀማጭ፣

የምሥራች አፈወርቅ
ስለ ራሷና ስለ አጥር ሥር ሴቶች

ግልባጭ፦
ለአውቶቡስ መቆሚያው ምሰሶ
ለገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በር
ለማዳም ኮሌት፣ በሰለሞን በኩል

ማሳሰቢያ፦ አይቡን የበላ ሰው የለም ብዬ ከላይ አስቤ የጻፍኩት ሙሉ በሙሉ እውነት አለመሆኑን ኋላ ስላስታወስኩ ለሐቅ ስል ላርመው። አንድ ሰው በልቷል። ማዳም ኮሌት በስልካቸው ያነሧቸውን ፎቶዎች ሜዳው ላይ ሲያሳዩን፣ ሁሉም ሰው ቁራሹን ይዞ ይስቃል እንጂ የሚያላምጥ አልነበረም። ሲያላምጥ የተገኘው ከመድረኩ ጀርባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለቱንም ጉንጩን ሞልቶ የቆመው ብቻ ነው፤ ያውም በዕለተ ዓርብ። ስሙን አልጠራም፤ የሰብሳቢነት ባጁ ግን ደረቱ ላይ በደንብ ይነበባል። ለንስሐ አባትዎ ለአባ መርስዔ ኃዘን ከመካከላችን ትንፍሽ ያለች የለችም። ይህ ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቢለጠፍም፣ መነጽራቸው ተሰብሮ ደብረ ብርሃን ለጥገና ስለሄደ እሳቸው ለጊዜው አያነቡም። መነጽሩ የሚመጣው ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው። እኛ በዚያ ጠዋት አጥሩ ሥር በሰላም ከተቀመጥን በርበሬ የምንጠቀልልበት ወረቀት ስለሚያስፈልገን፣ አውቶቡሱ ሳይደርስ ይህንን ከበሩ ላይ ገንጥለን እንወስደዋለን።